የጊፋታ ሙዚቃ በመድረክ ላይ፦ ነባርነት በምን ይለካል?

በየዓመቱ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ የወላይታ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ጊፋታን ያከብራል። ወጣቶች እየተቀባበሉ የሚጨፍሩት ሀያያ ሌኬ የበዓሉ መታወቂያ ነው። ጭፈራው ዛሬም በየሰፈሩ ይሰማል፤ ሶዶ ከተማ ላይ ግን መድረክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ኪቦርድና ካሜራ ተጨምረውለታል። ከመድረኩ ጋርም አንድ ጥያቄ አብሮ መጥቷል፦ የሚቀርበው ሙዚቃ ከአባቶች የተወረሰ ነው ወይስ ለመድረክ ሲባል የተሠራ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ግን ተሳስቷል ባይ ነኝ። ብዙዎቻችን ነባርነትን የምንለካው በዘፋኙ ልብስና በመሣሪያው መልክ ነው። በእኔ እምነት መለኪያው የአዘፋፈኑ ሥርዓት መሆን አለበት፤ ማን ያወጣል፣ ማን ይቀበላል፣ ድምፁስ በምን ይቃኛል?

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። እንግሊዝ አገር አርኖልድ ዶልሜች የተባለ ሙዚቀኛ የተረሱ የጥንት መሣሪያዎችን እንደገና እየሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1925 የሄዝልሚርን ፌስቲቫል ጀመረ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ደግሞ ፊሊስና ሮን ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1963 የህዳሴውን ዘመን የአውሮፓ ገበያ የሚያስታውስ ትርኢት አዘጋጁ፤ ከዚያ ወዲህ መሰሎቹ በብዙ ከተሞች ተስፋፍተዋል። እነዚህ ሜዳዎች ላይ የሚዘፈነው በእርግጥ የዚያ ዘመን ነው ወይ የሚለው ሙግት ዛሬም አልበረደም። የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ታረስኪን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው «ቴክስት ኤንድ አክት» በተባለው መጽሐፉ፣ ትክክለኛው የጥንት አጨዋወት እየተባለ የሚቀርበው ከጥንቱ ይልቅ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ጣዕም ያሳያል ሲል ተከራክሯል። እነርሱ የኖታ ብራና፣ በየሙዚየሙ የተቀመጠ መሣሪያ፣ በዘመኑ የተጻፈ የአጨዋወት መመሪያም አላቸው። ይህ ሁሉ ማስረጃ እያላቸው አልተስማሙም።

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ የጽሑፍ ማስረጃ የሚቀርበው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁት ይነገራል። ምልክቱ ግን ብቻውን አያዘምርም። ድጓውን የሚያስኬድ መሪጌታ ከሌለ በቃሉ ላይ የተጻፈው ምልክት ለአንባቢው ዝም ያለ ፊደል ነው። ወላይታ ላይ ደግሞ ምልክቱም የለም። እስከ 1887 ዓ.ም. ዘመቻ ድረስ ራሱን የቻለ፣ ንጉሡን ካዎ ብሎ የሚጠራ መንግሥት ነበረ። የመጨረሻው ካዎ ጦና በዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ሲሸነፍ ከዘመቻው ጋር የነበረው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል፤ መጽሐፉ የጦርነት ትረካ እንጂ የዜማ መዝገብ አይደለም። ስለዚህ የወላይታን ነባር ሙዚቃ የሚመረምር ሰው ምንጩ ሦስት ነው፦ የሚዘፍነው ሰው፣ የሚነፋው መሣሪያና የሚዘፈንበት አጋጣሚ።

ከሦስቱ መሣሪያው ብዙ ስለሚናገር እርሱ ላይ ልቆይ። ወላይታ ውስጥ ዲንካና ዛዬ በትልቅ ሐዘንና በክብር ቀን የሚሰሙ የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው። የደቡብ ኢትዮጵያ የትንፋሽ ሙዚቃ አሠራር ጎልቶ የሚታየው በደራሼ ፊላ ላይ ነው፤ በመሐልና በሰሜን የሚታወቀው እምቢልታም የዚሁ ስልት ዘመድ ነው። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው አንዱ ሲያቆም ሌላው እየገባ፣ የሁሉም ትንፋሽ ሲጋጠም ነው፤ ብቻውን የተቀመጠ ነፊ ዘፈኑን ጨርሶ ሊያሰማችሁ አይችልም። መሣሪያዎቹ የሚቃኙትም እርስ በርስ ነው። ሠሪው ቀርከሃውን ቆርጦ ይነፋዋል፤ አስቀድሞ ከተሠራው ጋር ያስተያየዋል፤ ድምፁ ከወፈረበት ጫፉን ትንሽ ይከረክማል፤ እንደገና ነፍቶ ያዳምጣል። አብዝቶ ከከረከመ ድምፁ ስለሚቀጥን ያ ቀርከሃ ተጥሎ ሌላ ይቆረጣል። ልኩ የሚገኘው ከሠሪው ጆሮና ከቡድኑ ነው። ስለዚህ የአንዱ መንደር ስብስብ ከሌላው መንደር ቢለያይ ስሕተት አይደለም፤ የዚያ መንደር ድምፅ ነው።

አሁን ይህን ስብስብ ከኪቦርድ አጠገብ አቁሙት። የኪቦርዱ ድምፆች በፋብሪካ እኩል ተከፋፍለው የተቀመጡ ናቸው፤ ቀርከሃው ደግሞ ለዚያ ክፍፍል አልተቆረጠም። ከሁለቱ አንዱ መሸነፍ አለበት፣ መድረክ ላይ የሚሸነፈውም ዘወትር ቀርከሃው ነው። ወይ ድምፅ ማጉያ ሳይደርሰው ለዓይን ያህል ይያዛል፣ ወይ ለኪቦርዱ እንዲመች ተደርጎ እንደ አዲስ ይቆረጣል። ሁለተኛው የከፋ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ድምፁን ለአንድ ቀን ይደብቃል፤ ሁለተኛው ግን የመንደሩን ልክ ለዘለቄታው ያጠፋል። በሙዚቃ ትምህርታችን የተለመዱት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም የሰሜኑንና የመሐል አገሩን ዜማ ለመግለጽ የተሰናዱ ቅኝቶች ናቸው። የወላይታን ዘፈን የግድ ከአራቱ በአንዱ ማስገባት በሰው ጫማ መሄድ ነው። ጎረቤት ጋሞ ውስጥ የዶርዜ ሰዎች ብዙ ድምፅ አደራርበው የሚዘፍኑትን፣ በርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀድቶ በሸክላ ያስወጣውን የሰማ ሰው፣ አራት ቅኝት ለአካባቢው እንደማይበቃ ወዲያው ይገባዋል።

መድረኩም የራሱ ታሪክ አለው። ሐሊም ኤል-ዳብህ የተባለው ግብፅ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ በየአካባቢው ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩ መሣሪያዎችን በአንድ አዳራሽ አገናኘ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን ለዓመታት መራው። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር፣ ብዙ መሣሪያም ከመናቅ አድኗል። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየአውራጃው ተቋቋሙ፤ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ቡድን የብሔረሰቦችን ጭፈራ ይዞ ዓለምን ዞረ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች በዓል አለ። የእነዚህ መድረኮች ሕግ አንድ ነው፦ ለአንዱ ሕዝብ ጥቂት ደቂቃ፣ አንድ ልብስ፣ አንድ እንቅስቃሴ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ የወላይታ ምልክት ሆኖ በአንድ እይታ የሚለየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዱንጉዛው ቅሬታ የለኝም፤ ውብ ሽመና ነው። ነገር ግን ዱንጉዛ የለበሰ ሁሉ ነባሩን ዜማ ይዘፍናል ማለት አይደለም፤ ተራ ሸሚዝ ለብሳ ጓሮዋ ውስጥ ለልጆቿ የምታዜም እናት የበለጠ ልትይዘው ትችላለች።

ዜማው ባልጠበቅነው ስፍራ ሊኖር ይችላል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ከገቡ በኋላ፣ በተለይም በጣልያን ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ተባረው ሳለ፣ የወንጌል አማኙ ቁጥር በእጅጉ አደገ። ብዙ አማኞች ከአምልኮና ከመጠጥ ጋር የተያያዘ የመሰላቸውን ዘፈን ተዉ። የወላይትኛ መዝሙር ግን በመሪና በተቀባይ የሚሄድ ሆኖ ቀጠለ። የጥንቱን የመቀባበል ሥርዓት የሚፈልግ ተመራማሪ ከመድረኩ ይልቅ የገጠር አጥቢያ ጉባኤ ውስጥ ብዙ ሊያገኝ ይችላልና ይህን በር አንዝጋው።

የሚከብደው ጉዳይ የሙዚቀኛው ማንነት ነው። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የጥናት ስብስብ እንደሚታየው፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ የሥርዓት ሙዚቃ የሸክላ ሠሪዎች፣ የቆዳ ፋቂዎችና የብረት ቀጥቃጮች ድርሻ ነበር፤ እነዚሁ ሰዎች በጋብቻና በማዕድ ይገለሉ ነበር። ወላይታ ውስጥም ጪናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ይህ መገለል ደርሶባቸዋል። መሣሪያውን አክብረን መድረክ ላይ ስናወጣ፣ ሲነፋው የኖረው ቤተሰብ ግን ስሙ ካልተነሳና ከክፍያው ካልተካፈለ፣ ያተረፍነው የሙዚቃውን ግማሽ ነው። ስለ ነባርነት የሚነሳ ክርክር ይህን ከዘለለ ለእኔ ክርክር አይደለም።

ዓለም አቀፉ አቋምም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጃፓን ናራ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የያማቶ መግለጫ፣ ለሕንፃና ለሐውልት የሚያገለግለው የትክክለኛነት መለኪያ ያለማቋረጥ እንደገና ለሚፈጠረው ለማይዳሰስ ቅርስ እንደማይሆን ገልጿል። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው እንግዲያው ሁሉም ይፈቀዳል ይላሉ። አልስማማም። ሙዚቃ ቢለወጥ ሕይወት አለው ማለት ነው፤ ትናንት የተቀናበረውን የሺህ ዓመት ነው ብሎ ማስተዋወቅ ግን ሐሰት ነው። ወጣቱ ሀያያ ሌኬን በጊታር ቢጫወት ደስ ይለኛል፤ አስተዋዋቂው ቅንብሩ አዲስ መሆኑን ይናገር እንጂ። አደባባይ የወጣው ሕዝብ ዘፈኑን መቀበል ካልቻለ፣ አቀናባሪው ለተቀባይ ቦታ ሳይተው ሁሉንም በኪቦርድ ከሞላው፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ያረጀ ቢሆን ያ የጊፋታ አዘፋፈን አይደለም።

ስለዚህ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲንና የዞኑን የባህል ባለሙያዎች የምጠይቀው ትልቅ በጀት የማይፈልግ ሥራ ነው። ከሚቀጥለው ጊፋታ በፊት በየወረዳው ያሉትን የዲንካና የዛዬ ስብስቦች ድምፅ፣ ለኪቦርድ ተብለው ሳይቆረጡ፣ ይቅዱ፤ የእያንዳንዱን መሣሪያ ርዝመትና ልክ ይመዝግቡ፤ የሠሪውንና የነፊውን ስም በፈቃዱ አብረው ይጻፉ። የበዓሉ አዘጋጆችም ከየዘፈኑ በፊት የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ፣ ከማን እንደተገኘና ምን እንደተጨመረበት በወላይትኛና በአማርኛ ያስነግሩ፤ ቢያንስ ለአንድ ሰዓትም ድምፅ ማጉያውን አጥፍተው ሜዳውን ለተቀባዩ ሕዝብ ይልቀቁለት።