የአናሲሞስ ነሲብ ታሪክና የእኛ የጎባ ተማሪዎች ምኞት



ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሚሆነው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ምን እንጻፍ በማለት ብዙ ተከራከርን። አንዱ ስለ ሳነቴ አምባና ስለ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ይሁን አለ፤ ሌላው ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ይሁን አለ፤ ሦስተኛውም ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለ ነበረችበት ዘመን መጻፍ ይሻላል አለ። ሁሉም መልካም አሳብ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት አንድ ትንሽ ነገር ደረሰብንና ክርክሩን ወሰነልን።

ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደየቤታችን ስንሄድ፥ ከገበያው ዳር አንዲት አሮጊት እናት አስቆሙን። በእጃቸው የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘው ነበር። «ልጆቼ፥ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህ ምን ይላል?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁን። በብልቃጡ ላይ ያለው ጽሕፈት እንግሊዝኛ ነበረ። በእንግሊዝኛ ትምህርት ከክፍላችን የሚቀድመው ጓደኛችን ብልቃጡን ተቀብሎ ሳይደናቀፍ አነበበው። ያነበበውን በእርሳቸው ቋንቋ መልሶ ለመናገር ግን አፉ ተሳሰረ። በየስንት ሰዓቱ እንደሚዋጥ፥ ከምግብ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ፥ ቢያጥወለውላቸው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ልንነግራቸው ብንፈልግ ቃሉ ጠፋን። ለገበያ መከራከሪያ የሚበቃ ኦሮምኛ ነበረን፤ በሽተኛ የሚረዳ ኦሮምኛ ግን አልነበረንም። በመጨረሻ አንድ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ቀረበና እኛ በአማርኛ የነገርነውን እርሱ በኦሮምኛ አስረዳልን። እናቲቱም ሁላችንንም መርቀውን ሄዱ። ምርቃቱ ለእርሱ እንጂ ለእኛ የሚገባ አልነበረም።

እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን፥ በየማለዳው ባልንጀራን ስለ መውደድ እየዘመርን ያደግን ነን። ስለዚህ በዚያ ምሽት እጅግ አፈርን። ነገሩን ለታሪክ መምህራችን ባጫወትናቸው ጊዜ አልገሠጹንም፤ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነገሩን። እኛም ያንን ታሪክ ተከታትለን እንዲህ ጽፈነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ሰውየው አናሲሞስ ነሲብ ናቸው። የተወለዱት በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ በ1856 ገደማ ሲሆን ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። በኦሮምኛ ሂካ ማለት አስተርጓሚ ማለት ነው ይባላል። ግሱም የታሰረን መፍታትንም፥ ቃልን መተርጐምንም ያመለክታል። በእኛም በአማርኛ እንዲሁ ነው፤ ገመድ ይፈታል፥ እስረኛ ይፈታል፥ ሕልምና ቅኔም ይፈታል።

ሂካ ገና ሕፃን ሳለ የባሪያ ነጋዴዎች ከቤተ ሰቡ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ አገሩን ሁሉ አቋርጦ ከቀይ ባሕር ዳር ከምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ከባርነት ነፃ አወጣውና፥ የስዊድን ሚሲዮናውያን በምጽዋ አጠገብ ወደ ከፈቱት ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁም በትምህርቱ በረታ። መጋቢት 31 ቀን 1872፥ በትንሣኤ ዕለት፥ ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ የምናገኘው የባሪያው ስም ነው። ወጣቱ ይህን ስም ሲቀበል ያለፈ መከራውን አልሸሸገም፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ባሪያ እንደ ነበረ ይታወስ ነበርና።

አሁን ወደ ምኞታቸው እንለፍ። አናሲሞስ የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ወደ ተነጠቁበት ሕዝብ ተመልሰው በገዛ ቋንቋው ማስተማር ነው። ለዚህም ወደ ስዊድን ተልከው በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐንነሉንድ ትምህርት ቤት 5 ዓመት ተማሩ። በ1881 ሲመለሱም ምሕረት ኃይሉን አገቡ። ወዲያው በሱዳን በኩል ዞሮ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ከተነሣው ጓድ ጋር ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ግን አልቀናም፤ በበሽታና በችግር ተመትተው በ1882 ወደ ኋላ ተመለሱ። በሌላ መንገድ እንደ ገና ሞከሩ፤ በ1886 እስከ እንጦጦ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ እንዲያልፉ ስላልተፈቀደላቸው እንደ ገና ወደ ምጽዋ ተመለሱ።

እኛ ይህን ስናነብ ቆም ብለን አሰብን። አንድ ፈተና የወደቀ ተማሪ ዓለም ያለቀችበት ይመስለዋል። ከእኛም መካከል ባለፈው ዓመት ውጤቱ ዝቅ ያለበት ጓደኛችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰው አልተነጋገረም። አናሲሞስ ግን ለመልካም ነገር ብለው ሁለት ጊዜ ወጥተው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ታዲያ ምን አደረጉ? ምኩሉ ከተባለው የሚሲዮን ሠፈር ተቀምጠው ብዕር አነሡ። እግራቸው ሊደርስበት ያልቻለውን አገር ጽሑፋቸው ይደርስበት ዘንድ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ያዙ። በእኛ አስተያየት የዚህ ሰው እምነት ከሁሉ ይልቅ የታየው በታላቁ ጉዞ ሳይሆን፥ ጉዞው ከከሸፈ በኋላ በየማለዳው በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሥራው ግን ሌላ ችግር ነበረው። አናሲሞስ ከአገራቸው የተወሰዱት በሕፃንነታቸው ነው። የሕፃን ቋንቋ ደግሞ ለመጽሐፍ ሥራ አይበቃም፤ የሽማግሌ ምሳሌ፥ የእናት እንጉርጉሮ፥ የሸንጎ ንግግር ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ ነው አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ በታሪኩ ውስጥ የምትገባው። አስቴርም እንደ እርሳቸው በባሪያ ነጋዴዎች እጅ የወደቀች ነበረች። በ1886 በመርከብ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ ኢጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነፃ ስላወጧት ወደ ምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ይህች ልጅ ለቋንቋ ልዩ ተሰጥዎ ነበራት። በልጅነቷ የሰማቻቸውን ተረቶች፥ ምሳሌዎች፥ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ከአእምሮዋ እያወጣች 500 ያህል ጻፈች። ከእነዚህም በርካታዎቹ ሁለቱ አብረው ባዘጋጁትና በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። አናሲሞስ በአውሮፓ የተማሩ ሰው ሲሆኑ በዕድሜና በትምህርት ከምታንሳቸው ልጅ ለመማር አላፈሩም። እርስዋም ዐዋቂው ከእኔ ምን ይፈልጋል ብላ አልተሸማቀቀችም።

በክፍላችን ውስጥ ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረን እንማራለን። ነገር ግን እውነቱን ብንናገር፥ አንዲት ልጅ በሒሳብ ስትበልጠን የምንቀና፥ በቡድን ሥራም ጽሕፈቱን ለእርስዋ ትተን ክብሩን ለራሳችን የምናደርግ አለን። ስለ ወዳጅነትና ስለ ፍቅርም ስናወራ መልክና ልብስ ይቀድመናል። የአናሲሞስና የአስቴር የሥራ ወዳጅነት ለዚህ ጥሩ መስተዋት ነው። ሁለት የተሸጡ ልጆች ከተነጠቁት ነገር ሁሉ የቀረላቸውን ቋንቋ አዋጥተው ለወገናቸው ቅርስ አደረጉት።

የትርጉሙ ፍሬ እንደሚከተለው ነው። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በሴንት ክሪሾና ታትሞ ወጣ። የታተመውም እኛ በምናውቀው በግእዝ ፊደል ነው። የዛሬው የኦሮምኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል ሆኖ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ከ1991 በኋላ ስለ ሆነ፥ የዘመናችን ተማሪ ያን መጽሐፍ ቢያገኝ ፊደሉ አማርኛ ቋንቋው ኦሮምኛ ሆኖ ሲያየው ሳይገረም አይቀርም።

በአገራችን እንዲህ ያለ ድካም የደከሙት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። አቡ ሩሚ የሚባሉት የጎጃም ሰው አባ አብርሃም በካይሮ ከተማ 10 ዓመት ያህል ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መልሰዋል። ሥራቸው ሳይታተም በ1819 በወረርሽኝ በሽታ ሞቱ። ወንጌላቱ በ1824፥ መላው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 ታተመ። እኒህ መነኩሴ የድካማቸውን ፍሬ በዓይናቸው አላዩም፤ እኛ ግን አየነው።

ወደ አናሲሞስ እንመለስ። በ1904 የልባቸው ምኞት ደረሰላቸውና ከአስቴርና ከሌሎች የሥራ ጓዶቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። ነፃ ከወጡበት ከ1870 ጀምሮ ሲቈጠር 34 ዓመት መሆኑ ነው። በነቀምቴም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸውና ትምህርት ቤት ከፍተው ማስተማር ያዙ። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ በካህናት ተከስሰው በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ተፈረደባቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ እንዳያስተምሩ ግን ከለከሏቸው። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ኦርቶዶክሶችም ፕሮቴስታንቶችም አብረን ነን፤ እስላም ጓደኞቻችንም አንብበው አርመውልናል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ክርክር እንደ ገና ለማንሣት አንሻም፤ ከሳሾቹም ሃይማኖታቸውን የሚወዱ ሰዎች እንደ ነበሩ እናምናለን። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ 34 ዓመት የናፈቁት ሰው ከናፈቁት ሕዝብ መካከል ተቀምጠው አፋቸውን መያዝ ከሁሉ የከበደ ፈተና ነው። እርሳቸው ግን ተቈጥተው ወደ አውሮፓ አልተመለሱም። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪሰጧቸው ድረስ 10 ዓመት ያህል ታገሡ። ከዚያም ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምቴ እስኪያርፉ ድረስ በሥራቸው ጸኑ። አስቴር ጋኖም እስከ 1964 በሕይወት ቆዩ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለጎባ ልጅ ምን ይነግረዋል?

በቅርቡ በክፍላችን እያንዳንዳችን ወደ ፊት ምን ለመሆን እንደምንመኝ ተጠያየቅን። ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ የአውሮፕላን ነጂ፥ የሒሳብ ሠራተኛ፥ ሯጭ ለመሆን የሚመኝ ሞልቷል። ሥራውን በባሌ ለመሥራት የሚፈልግ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን አንድም እጅ አልተነሣም። ጎባ ይበርዳል፤ ሮቤም ቢሆን ቅርብ ናት፤ ሁላችን የምንመኘው አዲስ አበባን፥ ከዚያም ባሕር ማዶን ነው።

በዚህ ነገር አንድ ጓደኛችን ተቃወመን። «አባቴ ሞተዋል፤ ከበታቼ አራት ታናናሾች አሉ። ደመወዝ ወደሚገኝበት ብሄድ እምነት የለህም ልትሉኝ ነውን?» አለ። ሁላችን ዝም አልን፤ ንግግሩ እውነት ነበረና። ብዙ ካሰብን በኋላ የተስማማንበት መልስ ይህ ነው። አናሲሞስም ሩቅ ሄደዋል፤ ስዊድን ከምጽዋ እጅግ ይርቃል። ለእናትና ለታናናሾች እንጀራ መፈለግም ራሱ የእምነት ሥራ ነው። ነውር የሚሆነው የሄዱበትን ምክንያት መርሳት፥ ተምረው ሲያበቁም ያስተማረን ሕዝብ በማይሰማው ቋንቋ ብቻ መናገር ነው። ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ይመኝ፤ ነገር ግን ብልቃጥ ይዘው ለሚጠይቁት እናት መልስ የሚሰጥ ሐኪም ይሁን።

ደግሞም እምነት ለታላቅ ቀን ብቻ የሚቀመጥ የክት ልብስ አይደለም። በፈተና ጊዜ የጎረቤትን ወረቀት አለማየት፥ ምሳ ያልያዘውን ጓደኛ ሳያሳፍሩ ማካፈል፥ የእስላሙን ጎረቤት በዓል እንደ ራስ በዓል ማክበር፥ የተጣሉትን ሳይመሽ ማስታረቅ፤ የእኛ ዕድሜ ምኩሉና ነቀምቴ እነዚህ ናቸው።

እኛም ከማፈር ያለፈ ነገር ለማድረግ ብለን፥ ስድስት ሆነን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት እንሄዳለን። እርሳቸው የበሽታን፥ የእርሻን፥ የዳኝነትን ቃላት በኦሮምኛ ይነግሩናል፤ እኛ በደብተር እንጽፋለን። ጫማ የሚጠርገውም ልጅ ሥራ ሲቀንስለት ይመጣል፤ ስናጠፋ የሚያርመን እርሱ ነው፥ እኛም በፋንታው ንባብ እናስተምረዋለን። እስከ ዛሬ የሰበሰብናቸው ቃላት ከ100 አይበልጡም። አስቴር ጋኖ ከጻፈችው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

የትምህርት ቤታችን ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት እንለያችኋለን። ደብተሩን ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ትተንላችሁ እንሄዳለን። ገና ብዙ ነጭ ገጽ አለውና እባካችሁ ጨምሩበት።