የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው የመጡ መምህራን

የአዲስ አበባው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በስም የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ከጠላት ወረራ በኋላ ያቀናውና ሥርዐት ያስያዘው የካቶሊክ ካህናት እጅ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ፣ መልሱን በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ብቻ አያገኘውም፤ ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ፣ ፍሬሞናንና ደንቀዝን ማየት ይኖርበታል።

የኢየሱስ ማኅበር አባል የነበረው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገባ። ዐድዋ አቅራቢያ በምትገኘው በፍሬሞና ተቀምጦ የአገሩን ቋንቋ አጠና፤ ሕፃናትንም አስተማረ። ወደ ዐፄ ዘድንግል በቀረበ ጊዜም ተማሪዎቹን አስከትሎ ነበር። ፓኤዝ ታጋሽ ሰው ነበር፤ ሳይቸኩል ሠርቶ በ1614 ዓ.ም. አረፈ። ከእርሱ በኋላ በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደ አዲስ ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ አዲስ ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደ አዲስ ይባረኩ አለ። አገር በደም ታጠበ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያንም ብዙም ሳይቆይ ከአገር ተባረሩ። ከዚያ ወዲያ የሮም ካህን በአበሻ ዓይን ሲታይ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ሆነ።

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ይህ ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። መሥራቹ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ ናቸው። ወንድ ልጆች የሚማሩበትን ይህን ቤት በገዛ ገንዘባቸው አሠርተው አመራሩን በመጀመሪያ ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሰጡ። የዘመኑ ዋና የትምህርት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል እንደ ሠራ ፋሽስት ኢጣሊያ ወረረ። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በጥይት ተደበደቡ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላም ዘመናዊ ትምህርት የቀሰመው ወጣት እየታደነ ተገደለ፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትም አለቁ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ያገኙት መምህር የሌለው አገር ነበር። የተማረው ትውልድ ሞቷል፤ ወራሪውም ካቶሊክ ከሆነ አገር የመጣ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ከካናዳ ኢየሱሳውያን የጠሩት። አገራቸው በአፍሪካ ቅኝ ግዛት አልነበራትም፤ በማስተማር ሙያም ማኅበሩ ስመ ጥር ነው። በሉሲየን ማት የሚመሩት ጥቂት ካህናት ደርሰው ትምህርት ቤቱን ተረከቡ። ግብዣው ግን ውል ነበረው። የክህነት ልብስ አይለብሱም፤ ሃይማኖታቸውን አይሰብኩም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ እንኳ አዲስ አበባን ለሚሲዮኖች ክፍት አድርጓት ነበር፤ ለእነዚህ ካህናት ግን ክፍሉ ውስጥ የተከፈተላቸው የትምህርት በር ብቻ ነው።

የተዉት ልብሳቸውን ብቻ አልነበረም። ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካናዳ የመጡ ናቸውና የእናታቸው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ ከነጻነት በኋላ ግን የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኗል። ስለዚህ ቀሚሳቸውን፣ ስብከታቸውንና ቋንቋቸውን፣ ሦስቱንም ትተው ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሙ። ማት በአገራችን የታወቀው አባ ተብሎ ሳይሆን ዶክተር ተብሎ ነው። ሱሪና ኮት የለበሰው አስተማሪ ጠዋት የት ቀድሶ እንደ መጣ ተማሪው አያይም፤ የሚያየው ሰዓት የሚያከብር፣ የቤት ሥራ የሚያርም ሰው ነው።

ሥራቸው ታመነ። ንጉሠ ነገሥቱ የአገሪቱን የመጀመሪያ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም ያዘዙት ይህንኑ ማትን ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ቆም ማለት አለበት። በዚያ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን ይከበር፣ ተማሪዎችም ግጥም ይወዳደሩ ነበር። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ያሰማው በዚያ መድረክ ነው። ዲሲፕሊን አጥብቀው የሚወዱት ካህናት ያን ዐይነት ድምፅ አስበው ያዘጋጁት አይመስለኝም። ሆኖም ወጣቱ እንዲያነብና እንዲመረምር ካስተማሩት በኋላ፣ የሚያነበውንና የሚመረምረውን መርጦ መስጠት ከእጃቸው ወጣ። ትምህርት ከተዘራ በኋላ አዝመራው የዘሪው ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲጠቃለል፣ የከፍተኛ ትምህርቱ አመራር ለሌሎች ተላለፈ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የተፈሪን ስም አጥቶ እንጦጦ ተባለ።

ሁለቱን ዘመናት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ይታየናል። ማኅበሩ አንድ ነው፤ አገሩም አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ አገሩን በሙሉ የራሳቸው ሊያደርጉ ፈለጉ፤ ፍርስራሽ ትተው ሄዱ። ኋለኞቹ የራሳቸውን ትተው መጡ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ግን እንዳለ ተቀበሉት። ለአንድ ካህን እምነቱን በሆዱ ይዞ ዕድሜውን በዝምታ ማስተማር ቀላል ነገር አይደለም፤ ምናልባትም ከስብከት ይከብዳል። ፋሲለደስ የዘጉትን በር ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ክርክር አልከፈተውም፤ የከፈተው ጠመኔ የያዘ እጅ ነው።