የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አሮጌ ነበረች

ለመዘምራን የሚሆን ኪቦርድ ከሁለተኛ እጅ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ሻጩ አንድ መዝሙር ተጫውቶ ያሰማችኋል፤ የማይሠራውን ቁልፍ ግን ሳይነካ ያልፈዋል። አሁን በኪቦርዱ ቦታ አውሮፕላን አስቡ፤ ያውም ባለ አንድ ሞተር፣ ማረፊያ ሜዳ በሌለበት ጫካ ላይ የምትበር። ሞተሩ ከቆመ ከታች ያለው ዛፍ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ጥቂት ክርስቲያን አብራሪዎች አንድ ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ ሚሽን አቪዬሽን ፌሎሺፕ፣ ባጭሩ ኤም ኤ ኤፍ፣ የምንለው እርሱ ነው። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ ሚሲዮናውያን በበቅሎና በእግር ብዙ ቀን የሚፈጅባቸውን መንገድ በሰዓታት ማሳጠር። ሐሳብ ነበራቸው፤ አውሮፕላን ግን አልነበራቸውም።

የገዙት በ1933 የተሠራች ዋኮ ነበረች። ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት አልፏል፤ ክንፏ ድርብ፣ ሞተሯ አንድ። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች በረራው ላይ ለመድረስ ስለሚቸኩሉ ግዢውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዚያ ዘመን ዋኮ አካል የብረት ቱቦ ነው፤ የክንፉ አጥንት እንጨት ነው፤ ሁሉንም የሚሸፍነው በቀለም የተወጠረ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ገዢ የሚያየው ጨርቁን ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ጨርቅ ደግሞ የበሰበሰ እንጨትና የዛገ ቱቦ ሊደብቅ ይችላል። ውኃ የሚጠራቀመው ጭራዋ አካባቢ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያይበት ቦታ ነው። አስተዋይ ገዢ ሽፋኑን ከፍቶ ያያል፤ ሞተሩ ከታደሰ ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሠራ ከመዝገቡ ያነባል። ለሚሲዮናዊ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህች ነገር ጫካ ውስጥ ብትሰበር ማን ይጠግናታል?

ጥያቄው መልስ ለማግኘት ብዙ አልቆየም። በየካቲት 1946 ቤቲ ግሪን በዋኮዋ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሠራተኞችን አሳፍራ ከአሜሪካ ወደ ሜክሲኮ በረረች። ቤቲ በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ከበረሩት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ የማኅበሩ የመጀመሪያዋ አብራሪም እርሷ ሆነች። ብዙ ሳይቆይ ሥራውን የሚረከብ ሌላ አብራሪ በደቡብ ሜክሲኮ ጫካ ውስጥ ሲያርፍ ዋኮዋ ከአንዲት ጎጆ ጋር ተጋጨች። ሰው አልሞተም፤ ክንፏ ግን ተሰበረ። እስቲ አስቡት፤ ማኅበሩ ያለው አውሮፕላን ያ ብቻ ነው፤ እርሱም ተሰባብሮ ጫካ ውስጥ ተቀምጧል። ገንዘብ የሰጡ ምእመናን ምን ይሉ ይሆን?

ለጥገናው የሄደው ከጦሩ ገና የተሰናበተ ወጣት መካኒክ ነበር፤ ስሙ ኔት ሴይንት ይባላል። ሥራው ወራት ፈጀበት። እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልጨምር፦ ሁላችን የምንፈራው የዋኮዋ አሮጌነት በዚያ ቀን የጠቀማት ይመስለኛል። የእንጨት ክንፍ በአናጢ መሣሪያ ይሠራል፤ ጨርቅ በመርፌ ይሰፋል። ክንፏ ከፋብሪካ የወጣ ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ ጫካ ውስጥ ማን ይቀጠቅጠው ነበር?

ኔት ኋላ ራሱ አብራሪ ሆኖ ወደ ኢኳዶር ሄደ፤ በጥር 1956 ከአራት ጓደኞቹ ጋር በዋኦራኒ ሰዎች ጦር የተገደለው እርሱ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ይህን መጨረሻውን ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኑ ላይ አንድ ነገር ሠርቶ ነበር፤ ዋናው የነዳጅ መስመር ቢዘጋ ሞተሩን የሚመግብ ተጠባባቂ መስመር። ሞተሩ ሲቆም ከታች ዛፍ ብቻ መሆኑን ያውቅ ነበርና።