የሜሶን ግኝትና የእንጦጦ ከፍታ

አዲስ አበባን በስተሰሜን ከጉለሌ እስከ የካ የሚያዋስነው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ከፍታ ለፊዚክስ ምርምር ያለውን ጥቅም የሚያስረዳን የእንግሊዛዊው ሳይንቲስት የሴሲል ፓወል ሥራ ነው።

ጃፓናዊው ሂዴኪ ዩካዋ የአቶምን ኑክሊየስ አጣምሮ የሚይዘው ኃይል፣ በኋላ ሜሶን በተባለ ቅንጣት አማካይነት እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1935 በንድፈ ሐሳብ አመለከተ። ይህ ቅንጣት የጠፈር ጨረር ከአየር አቶሞች ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ሲሆን፣ ዕድሜው እጅግ አጭር በመሆኑ አብዛኛው ቆላ ሳይደርስ ይጠፋል። ስለዚህም የፓወል ባልደረቦች በፎቶግራፍ ቅባት የተለበጡ መስተዋቶችን 2,877 ሜትር ከፍታ ባለው የፈረንሳይ ተራራ በፒክ ዱ ሚዲ ላይ አኖሩ። መስተዋቶቹን በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ በማይክሮስኮፕ ይመረምሩ የነበሩ ሴቶች የቅንጣቱን ዱካ አገኙ። ግኝቱ በ1947 ታተመ፤ ፓወልም በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

እንጦጦ ከፒክ ዱ ሚዲ ይበልጣል። ሆኖም ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ የተመረቀው በ2015 ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ተራራ ብቻውን ምርምር እንደማይሆንና ቀላል መሣሪያም ቢሆን ታጋሽና የሠለጠነ ዐይን ካገኘ ታላቅ ውጤት እንደሚያስገኝ ነው። ይህን ዐይን ማፍራት ደግሞ የትምህርት ቤት ተግባር ነው።