ከባዱ ምላጭ

በ1851 በለንደኑ ሃይድ ፓርክ በተከፈተው ታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ ሁለት ሽጉጥ ሠሪዎች ዕቃቸውን ይዘው ቀርበው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ነው። ሁለተኛው ሮበርት አዳምስ የሚባል የለንደን ሰው ነው። ኮልትን ዓለም ያውቀዋል፤ አዳምስን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የማወራው ነገር የሚጀምረው ግን ከአዳምስ ስለሆነ እኔም ከእሱ ልነሣ።

የኮልት ሽጉጥ ለእያንዳንዱ ጥይት ሁለት እንቅስቃሴ ይፈልጋል። በመጀመሪያ በአውራ ጣት መዶሻዋን ወደ ኋላ ስቦ መወጠር፣ ከዚያ ምላጩን መሳብ። መዶሻዋ አስቀድማ ስለተወጠረች ምላጩ ቀላል ነው፤ እምብዛም ሳይጫኑት ይተኩሳል። የአዳምስ አምስት ጎራሽ ግን በአውራ ጣት የሚሳብ ነገር አልነበራትም። ምላጩ ራሱ ጥይቱን ያዞራል፣ መዶሻዋን ይወጥራል፣ መልሶም ይለቃታል። ዛሬ የሽጉጥ ነጋዴዎች «ደብል አክሽን ኦንሊ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሥራው ሁሉ በአንድ ጣት ላይ ስለወደቀ ምላጩ ረጅም ነው፤ ከባድም ነው።

አዳምስ በዚህ ሽጉጥ የሸጠው ፍጥነትን ነበር። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት፣ በኢንከርማን ውጊያ ላይ በሩሲያ ወታደሮች የተከበበ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ከሞት ተርፎ ለአዳምስ ጽፎለታል፤ መዶሻ እየወጠርኩ ብተኩስ ኖሮ ጊዜ አይበቃኝም ነበር የሚል ነው ነገሩ። ሆኖም ጣት የከበደውን ምላጭ ሲጎትት አፈሙዙም አብሮ ስለሚወዛወዝ ራቅ ያለ ዒላማ መምታት ያስቸግራል። ለዚህም ቦሞንት የሚባል የመሐንዲስ ጦር መኮንን ያሻሻለው፣ በሁለቱም መንገድ የሚተኮስ ሞዴል መጣ፤ የእንግሊዝ ጦር በ1856 የተቀበለውም ይህንኑ ነው። ንጹሑ የአዳምስ አሠራር ለጊዜው ወደ ኋላ ቀረ።

እኔን የሚገርመኝ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የተመለሰበት ምክንያት ነው። የአሜሪካ ፖሊሶች ሰው ሲይዙ መዶሻቸውን ወጥረው ሽጉጥ የመደገን ልማድ ነበራቸው። የተወጠረ መዶሻና የደነገጠ ጣት ሲገናኙ ደግሞ ማንም ያላሰበው ጥይት ይወጣል። ሰው ሲደናቀፍ፣ ወይም በአንድ እጁ ተጠርጣሪ ጨምድዶ ሲታገል፣ ሌላው እጁም ሳያውቀው ይጨመደዳል። ሟች ይቀበራል፤ ከተማው ይከሰሳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኒው ዮርክ ፖሊስ መዶሻቸው በአውራ ጣት የማይወጠር፣ በምላጭ ብቻ የሚተኮሱ ስድስት ጎራሾችን ያስታጥቅ ጀመር። አዳምስ ለፍጥነት የሠራውን ኒው ዮርክ ለመዘግየት ፈለገችው ማለት ነው።

በዚህ መካከል፣ በ1986 ማያሚ ላይ የኤፍ ቢ አይ ሰዎች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለቱ ሞቱ፣ አምስቱ ቆሰሉ። ስድስት ጎራሽ አይበቃም ተባለና ባለ ካርታው ሽጉጥ በየፖሊስ ጣቢያው ገባ። ኒው ዮርክ በ1993 ስትቀበለው ግን ከባዱን ምላጭ አልተወችም። በፍቅር የሚወደደው ቀላሉ ግሎክ እንኳ ወደ አምስት ኪሎ ተኩል የሚጠይቅ ጠንካራ ስፕሪንግ ተገጠመለት። ስሙም በነጋዴዎች ዘንድ «የኒው ዮርክ ምላጭ» ሆኖ ቀረ።

ጥንቃቄው ዋጋ ነበረው። በነሐሴ 2012፣ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ አንድ ሰው የቀድሞ የሥራ ባልደረባውን ገደለ፤ ሁለት ፖሊሶች ሲደርሱበት ሽጉጡን አዞረባቸው። አሥራ ስድስት ጥይት ተኩሰው ገደሉት። በመንገዱ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎችም በፖሊሶቹ ጥይትና በፍንጣሪው ቆሰሉ። ብዙ ባለሙያ ጣቱን የቀሰረው በምላጩ ላይ ነበር። እኔ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ስፕሪንግ ላይ መጫን አልወድም፤ ሕዝብ በሞላበት ጎዳና፣ በሁለት ሦስት ሜትር ርቀት፣ በድንጋጤ የሚተኮስ ጥይት በየትኛውም ምላጭ ይስታል። ያም ሆኖ በስህተት እንዳይተኮስ የተደረገው መሣሪያ ሆን ተብሎ ሲተኮስ የሚስት ከሆነ፣ ጉዳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ሲግ ሳወር ፒ 250ን በ2007 ያወጣው በዚህ ክርክር መካከል ነው። ምላጩ እንደ አዳምስ ነው፤ መዶሻው ሁልጊዜ ተኝቶ ይውላል፣ ጣት ሳይጎትተው አይነሣም። ክብደቱ ግን ወደ ሦስት ኪሎ ዝቅ ብሏል፣ አሳሳቡም ለስላሳ ነው። ሁለተኛው አዲስ ነገር «ሞዱላር» መሆኑ ነው። ቁጥር የተቀረጸባት፣ ሕግም «ሽጉጥ» ብሎ የሚያውቃት በውስጡ ያለችው ትንሽ የብረት ክፍል ብቻ ናት። የፕላስቲክ እጀታው፣ አፈሙዙ፣ የጥይቱም ዓይነት ይለዋወጣል። ምንሽርና ውጅግራ ብለው ለይተው ይፎክሩ የነበሩት አያቶቻችን፣ ጠዋት ትልቅ ማታ ትንሽ የሚሆን መሣሪያ ቢያዩ ምን ብለው እንደሚፎክሩበት እንጃ።

ገበያው ግን አልወደደውም። የኔዘርላንድ ፖሊስ መርጦት ነበር፤ በ2011 ግን የመጣለት ዕቃ ከተፈተነው ጋር አልተስተካከለም ብሎ ውሉን አፈረሰ። ኩባንያው በ2014 ያንኑ ተለዋዋጭ አሠራር ይዞ መዶሻውን አስወገደና ፒ 320ን አወጣ። ምላጩ አጭርና ቀላል፣ መምቻው አስቀድሞ የተወጠረ ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ ጦር መረጠው። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ በተወሰነ አኳኋን ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በፈተና ስለታየ ኩባንያው በነፃ አሻሽላለሁ ብሎ ጥሪ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሳንነካው ተኮሰብን የሚሉ ሰዎች ክስ መሥርተዋል፤ በ2024 በጆርጂያና በፊላደልፊያ ዳኝነት የተቀመጡ ዜጎች ለከሳሾች ፈርደዋል። ኩባንያው ምላጩ ሳይሳብ አይተኩስም ሲል ያስተባብላል። ፒ 250 ደግሞ መመረቱ ቀርቶ ባገለገሉ ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ በርካሽ ይሸጣል።

ይህን ሁሉ ያስቆፈረኝ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ነው። የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ አንድ ያገለገለ ፒ 250 አይቶ ወገቤ ላይ ልያዘው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ከተተኪው ይልቅ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ። በየቀኑ ሱሪ ሲታጠቅና ሲፈታ፣ መኪና ሲገባና ሲወጣ ለሚውል ሰው የተኛ መዶሻ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ረጅሙን ምላጭ እስከ መጨረሻው አፈሙዝ ሳያዛንፍ መሳብ በወር አንድ ቀን ልምምድ አይገኝም። መመረቱ የቀረ ዕቃ ስፕሪንጉ ሲደክምም መለዋወጫ ፍለጋ ይጀመራል። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት ባለሙያ ፈትቶ እንዲያይለት፣ ትርፍ ካርታና ስፕሪንግም አብሮ እንዲጠይቅ ነገርኩት። ፈቃዱንስ አለኝ፤ የቨርጂኒያውን አውጥቷል።

የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ያለው ግን ከፖቶማክ ድልድይ ማዶ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ እዚያ አይሠራም።