ደሙ መቼ ተቀዳ?

የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ውጤት ሲያሳዩኝ ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ናሙናው መቼ እንደተወሰደ እጠይቃለሁ። «ተመስጦ እርጅናን ያዘገያል» ሲባል ስሰማም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኩሬ ውስጥ ከምትኖር ቴትራሂሜና ከምትባል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የገና ዕለት፣ ያኔ ተማሪ የነበረችው ካሮል ግራይደር በርክሌይ ቤተ ሙከራዋ ገብታ የሙከራውን ፊልም ስታይ ቴሎሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም ሥራውን ሲሠራ አገኘችው። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር የክሮሞዞም ጫፍ እየተሸረሸረ ይሄዳል፤ የጎደለውን የሚቀጥለው ይህ ኢንዛይም ነው። ግራይደር፣ መምህሯ ኤልዛቤት ብላክበርንና ጃክ ሾስታክ በ2009 ኖቤል ተሸለሙ።

ብላክበርን ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤሊሳ ኤፕል ጋር ሆና በ2004 የእናቶችን ደም መርምራ ነበር። ብዙዎቹ ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ልጅ የሚያስታምሙ ናቸው። ጭንቀት የበዛባቸው እናቶች የክሮሞዞም ጫፋቸው አጥሮ ተገኘ። ታዲያ ጭንቀት ካሳጠረው፣ የረጋ መንፈስስ?

በ2007 ክሊፎርድ ሳሮን የሚመራው ቡድን 30 ሰዎችን ኮሎራዶ ውስጥ ተራራ ላይ ሦስት ወር አስቀመጠ። አስተማሪያቸው አለን ዋላስ ነበር፤ በቀን ወደ ስድስት ሰዓት ተመስጦ፣ የእኛን ሱባኤ የሚያስንቅ አይደለም ግን ቀላልም አይደለም። ሌሎች 30 ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ለምርመራ ግን እነሱንም ወደዚያው ተራራ አመጧቸው። ይህን ጥንቃቄ ወድጄዋለሁ። በመጨረሻ የሱባኤተኞቹ ቴሎሜሬዝ ከተራ ጠባቂዎቹ በሲሶ ገደማ በልጦ ተገኘ።

ደሙ መቼ ተቀዳ? ለቴሎሜሬዝ የተቀዳው በሱባኤው ማብቂያ ብቻ ነው። ከመግባታቸው በፊት ስንት እንደነበር አልተለካም። ቡድኖቹ በዕጣ ስለተከፈሉ ውጤቱን አልጥለውም፤ «ጨመረ» ግን አልልም። ደግሞም የተለካው ኢንዛይሙ እንጂ የጫፉ ርዝመት አይደለም።

ተመስጦ አንጎልን ይለውጣል የሚባለውም ታሪክ ይህን ይመስላል። ሳራ ላዛር በ2005 ቦስተን ውስጥ ተመስጦ የሚያዘወትሩ 20 ሰዎችን አንጎል በኤምአርአይ አይታ በአንዳንድ ቦታ ቅርፊቱ ወፍሮ አገኘች፤ እሷም ያየቻቸው አንዴ ነው፣ ከብዙ ዓመት ልምምድ በኋላ። በ2022 የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ጀማሪዎችን በዕጣ ከፋፍለው ከስምንት ሳምንት ሥልጠና በፊትም በኋላም ለኩ። ሥልጠናው ያመጣው የቅርጽ ለውጥ አልተገኘም። ይህን ካሳተሙት አንዱ ራሱ ለዓመታት ተመስጦ የሚለማመደው ሪቻርድ ዴቪድሰን መሆኑ ደስ ብሎኛል።