የጫማዋ ታሪክ፦ ለድሮ ተማሪዎቼ ማረሚያ

ሰበታም ቡራዩም ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይቺን በተለይ እናንተ አንብቡልኝ። አንድ ስህተት አስተምሬያችኋለሁ።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ ዓመቱ ሲጀመር የታሪክ ክፍለ ጊዜዬን የምከፍተው በአንዲት በጣም አጭር ልብ ወለድ ነበር። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ተወራርዶ በስድስት ቃላት ጻፋት የምትባለዋ። ማንም ያላደረገው የሕፃን ጫማ ለሽያጭ መቅረቡን የምትናገር ማስታወቂያ ናት፣ አለቀ። ልጁ ምን ሆነ የሚለውን አንባቢው ራሱ ነው የሚጨርሰው።

መጀመሪያ ያነበብኳት ከአስኮ ወደ ቡራዩ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን እየጠበቅን ነበር። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳትም። ገዝተን ያስቀመጥናትን ጫማ ግን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አየኋትና መልሼ አስቀመጥኳት። ትልልቅ ልቦለዶች አንብቤ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ለዚህ ነው ለእናንተ ሳላጣራ ይዣት የመጣሁት።

ባለፈው አንዲት የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የጫማዋ ታሪክ እኮ የሱ አይደለችም አሉን» ብላ ጻፈችልኝ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ ልጅቷ ልክ ሆና ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ1910 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ያልተነካ የሕፃን ልብስና አልጋ ለሽያጭ መቅረቡን ጽፎ ከጀርባው ስላለው ሐዘን አውርቷል፤ ሄሚንግዌይ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነው። በ1917 ደግሞ ዊሊያም ኬን የሚባል ሰው ልጇን ስላጣች ሴት የሚጻፍ ታሪክ ምሳሌ ሲሰጥ ያልተደረገችዋን ጫማ ጠቅሷታል። በሄሚንግዌይ ስም ታትማ የወጣችው በ1991 ነው፣ ሰውየው ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ! «ማስረጃው የታለ?» እያልኩ ማርክ ስቀንስባችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

አጭር ታሪክ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለቴ አይደለም። የጓቲማላው ሞንቴሮሶ በ1959 ያሳተመው የዳይኖሰር ታሪክ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ የሱ መሆኑን ግን የሚጠራጠር የለም። የእኛው ታደሰ ሊበንም በ1949 ዓ.ም. «መስከረም»ን ሲያወጣ አጫጭር ታሪኮቹ ከነስሙ ታትመዋል። ችግሩ በአፍ የሚዞረው ላይ ነው። ከትንሽነቱ የተነሳ ብቻውን መቆም ያቅተዋል መሰለኝ፣ ትልቅ ስም ይደገፋል።

ሩቅ ምን አስኬደኝ፣ አለቃ ገብረ ሐና አሉ አይደል! ለቅሶ ቤት ይሁን ካፌ፣ አንድ ሰው ባለሁለት መስመር ቀልድ ካመጣ ባለቤቱ አለቃ ናቸው። አንዳንዱ ቀልድ እሳቸው ካለፉ በኋላ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይገባበታል። ሳቁ ደግሞ ሰውየውን ዋጣቸው። ከፎገራ የወጡ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም ከሳቸው የመጣ ነው፣ ዛሬም ይዘመምበታል። ክፍል ውስጥ ስለ አለቃ ስጠይቅ ቀልድ የሚነግረኝ ተማሪ ሞልቷል። አቋቋሙን ያነሳልኝ እስካሁን አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም የድቁና ተማሪ ነበር።

ጫማዋን ግን አልተዋትም። የማን መሆኗ ቢጠፋም ያን ማታ ቁም ሳጥን ያስከፈተችኝ እሷው ናት። መስከረም ላይ ለአዲሶቹም እነግራቸዋለሁ፤ ቦርዱ ላይ ከሥሯ «ደራሲው አልታወቀም» ብዬ እጽፍና 1910ን፣ 1917ን እና 1991ን እደረድርላቸዋለሁ።

እስከዚያው እናንተ አንድ የአለቃ ቀልድ ጻፉልኝ። ከማን እንደሰማችሁትም ጨምሩበት። «ከቲቸር» የምትሉ ካላችሁ አውቄዋለሁ፣ እሱን ዝለሉት።